ጎደለ የተባለው ልጅ

አንዲት ይመኙሻል የምትባል አልቃሽ ነበረች። ሙሾ ስታወርድ የሟች ባላጋራ እንኳ ደረቱን ይደቃ ነበር። ያለ እሷ ለቅሶ የሚደምቅ አይመስልም። የገዛ ልጇ ሲሞት ግን እንድታለቅስ አልተፈቀደላትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአገሩ ንጉሥ ትልቅ ግንብ ያስገነባ ነበር። ድንጋይ የሚፈለጠው ከገደል ሥር ስለሆነ ናዳው ሰው ይፈጃል። ሰው ሞተ ከተባለ ደግሞ ዳስ ይጣላል፤ ዳስ ከተጣለ ጎረቤቱ ሁሉ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። ንጉሡ ለግንቡ ቸኩሏልና አዋጅ አስነገረ። መኳንንት ሲሞቱ «አረፉ» ይባል። ወታደር ሲሞት «ወደቀ» ይባል። ድንጋይ ፈላጭ ሲሞት ግን «ጎደለ» ይባል፤ ለጎደለ ሰው ዳስ አይጣል፣ ፍትሐትም አይደረግ።

የይመኙሻልን አንድ ልጅ፣ ቢያድግልኝን፣ ናዳ በላው። ያለ ካህን እዚያው ገደል ሥር ቀበሩት። የሥራው አለቃ በሯ ላይ ቆሞ «ልጅሽ ጎድሏል» ብሏት ሄደ። እንስራ ነው እንዴ የሚጎድለው? ጎረቤቶቿም «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እያሉ አፏን አስያዟት። አፏን ያዘች።

ዓመት ሳይሞላ የንጉሡ እናት ሞቱ። አገር በሙሉ፣ ድንጋይ ፈላጮቹም ከነቤተሰባቸው፣ ለቅሶ እንዲወጣ ታዘዘ። ይመኙሻል ተጠርታ ከአስከሬኑ ፊት ቆመች። ሕዝቡ ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ፣ ድምፅ የለም።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ ንጉሡ።

«ጃንሆይ፣ እናትዎ ምን ሆኑ?»

«አረፉ።»

«የኔ ልጅስ?»

ንጉሡ ወደ አለቃው ዞረ። አለቃው አቀርቅሮ «ጎድሏል» አለ።

«እንግዲያው አላለቅስም። ለልጄ ሳላለቅስ ለሰው እናት አላለቅስም» አለች ይመኙሻል።

«አንገትሽን አስቀላዋለሁ።»

«ያስቀሉት ጃንሆይ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ፤ ለሕዝቡ ሲነገር ሞተች ይባልልኝ። ጎደለች እንዳይሉኝ።»

ንጉሡ ሰይፈኛውን ጠራ። ያኔ ከሕዝቡ መሀል አንዲት ሴት «የኔም ባል ሞቷል» አለች። «ወንድሜም ሞቷል» አለች ሌላዋ። ይመኙሻል ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ የልጇን ስም ጠርታ ሙሾውን አወረደችው፤ አገሩም ተከትሏት አነባ። አንገቷን እንዲቀላ የቀረበው ሰይፈኛ ራሱ ሰይፉን ጥሎ ናዳ ስለበላው አጎቱ አለቀሰ። ንጉሡ በማን ያስቀጣ? ካህናቱም በጆሯቸው የሰሙትን መካድ አልቻሉም፤ ለንጉሡ እናትና ለድንጋይ ፈላጮቹ በአንድነት ፍትሐት ተደረገ። ቢያድግልኝም በስሙ ተጠራ። ከዚያ ወዲያ በዚያ አገር «ጎደለ» ብሎ የሚያረዳ ሰው አልተገኘም።

ሞት ንጉሥና ድንጋይ ፈላጭ አይለይም። የሚለየው ቋሚ ነው። «አረፉ»፣ «ተለዩን» ማለት ክፋት የለውም፤ ሐዘንን ያለዝባል። ሰው መሆኑን ለመካድ የተፈጠረ ቃል ግን ሟቹን ሁለተኛ ይገድለዋል፤ ዝም ብሎ የሰማውም ሰው አብሮ ገድሏል።

በእናንተ አገር ሲሞት ስሙ የማይጠራው ማን ነው? እናንተስ ዝም ያላችሁት ማንን ፈርታችሁ ነው?