ሦስት ካባ የለበሰው ጦጣ

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። ይህን ተረት ጮክ ብዬ መናገር አልወድም። ምክንያቱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

በድሮ ዘመን ብልጣብልጥ ጦጣ፣ ምቾት የሚወድ ንጉሥ አንበሳና አይናፋር ጉሬዛ ከአንድ ምንጭ እየጠጡ ይኖሩ ነበር። ጉሬዛዋ የተማረች ናት። ከዛፏ ጫፍ ሆና ሰማዩን ስታጠና ትውላለች።

ያኔ ምድር ከአየር የተሠራች ስስ ነጠላ ነበረቻት። ፀሐይ ታሞቃታለች፤ ነጠላዋ ጥቂት ሙቀት ታስቀርላታለች፤ የቀረው ወደ ሰማይ ይወጣል። ነጠላዋ ባትኖር ምድር በብርድ ባለቀች ነበር።

ጦጣ እንጨት አነደደ። ከጭሱ ጋር ዓይን የማያየው ጋዝ ወጥቶ ነጠላዋ ላይ ተደረበ። አንበሳ ግን ጥብስ ቀረበለትና ጦጣን ካባ አለበሰው። ጉሬዛዋ ልትናገር ብላ አፈረች።

ጦጣ ከመሬት ሥር ጥቁር ድንጋይ ቆፍሮ አነደደ። ሌላ ድርብ ተጨመረ። አንበሳ የብረት አልጋ ተሠራለትና ሁለተኛ ካባ አለበሰው። ጉሬዛዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። ሁሉም ዞረው ሲያዩዋት «ጉንፋን ነው» አለች።

ጦጣ ጥቁር ዘይት ቀድቶ አነደደ። ሌላ ድርብ ተጨመረ። አንበሳ በእግሩ መሄድ ቀረለትና ሦስተኛ ካባ አለበሰው። ጉሬዛዋ አጨበጨበች።

ከዚያ ምንጩ ደረቀ።

«ምንጫችንን ማን ጠጣው?» አለ አንበሳ።

ጦጣ ላቡን እየጠረገ «ጌታዬ፣ ፀሐይ ናት። ሙቀት ጨምራ ነው፤ ትቀጣልኝ» አለ።

ጉሬዛዋ መሬት መሬት እያየች ተናገረች። «ፀሐይስ ያው ናት። አያ ጦጣ፣ ካባዎችህ ውስጥ እሳት አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ያልብሃል?»

«የገላዬ ሙቀት መውጫ አጥቶ ነዋ።»

«ምድርም እንደዚያው ናት። የደረብክላት አንተ ነህ።»

አንበሳ «እመት ጉሬዛ፣ ይህን መቼ አወቅሽ?» አላት።

«በመጀመሪያው ካባ ቀን።»

«ምነው ዝም አልሽ?»

«በሽልማት መሃል መናገር ነውር መሰለኝ።»

አንበሳ ፈረደ። «ጦጣ፣ ምድር ድርቧን እስክታወልቅ አንተም አታወልቅም።» ጦጣ በዚያው ዕለት እሳቱን አጠፋ። ድርቡ ግን ቶሎ አይለቅም፤ ብዙ ትውልድ ይፈጃል። ጦጣ እስካሁን ያልበዋል።

ጉሬዛዋን ማንም አልቀጣትም። የደረቀውን ምንጭ ከዛፏ ላይ እያየች ትኖራለች።

እንግዲህ ልጆች፣ ያወቃችሁትን በጊዜው ተናገሩ፤ ድምፃችሁ ቢንቀጠቀጥም።

ምክንያቱን እነግራችኋለሁ ብዬ አልነበር? «ድሮ» ያልኩት አፍሬ ነው፤ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ጉሬዛዋም እኔ ነኝ።