የኩታው ቋጠሮ

በእኛ አገር ባልና ሚስት «አንተ አስረፈድከኝ»፣ «አንቺ አስረፈድሽኝ» እየተባባሉ ሲነታረኩ፣ ከጎረቤት አንድ ሽማግሌ አንዲት አባባል ጣል ያደርግና ሁለቱንም ዝም ያሰኛቸዋል። አባባሏን የማያውቅ የለም፤ ታሪኳን የሚያውቅ ሰው ግን እየጠፋ ነው። አንዳንዱማ ከራሱ ፈጥሮ ጅብና ቀበሮ ይጨምርባታል። ጅብም ቀበሮም የለባትም። ያሉባት ሁለት ግትር ሰዎችና አንድ ክፉ ወንዝ ናቸው።

ድሮ ሁለት ሰዎች ሲካሰሱ፣ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ እንዳይጠፋፉ የአንዱ ኩታ ጫፍ ከሌላው ኩታ ጫፍ ጋር ይቋጠር ነበር። ይህ ቁራኛ ይባላል። ቁራኛ የሆኑ ሰዎች አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ለሽንት ዞር ሲል እንኳ ሌላው ፊቱን አዙሮ አጠገቡ ይቆማል። ጠባቂ አያስፈልጋቸውም። ሕጉ አጭር ነበር፤ ቋጠሮውን የፈታ ተረታ።

ደምስና ጓንጉል ኩታ ገጠም አራሾች ነበሩ። በእርሻቸው መካከል አንዲት ጥቁር መሬት ነበረች፤ ዘር የማታሳፍር መሬት። አንድ ዓመት ጎርፍ የድንበሩን ድንጋይ ጠራርጎ ወሰደውና ሁለቱም «የእኔ ናት» አሉ። ጓንጉል ብትቀርበትም ሌላ መሬት ነበረው። ደምስ ግን የቀረው ጭንጫ ብቻ ነው። ያለፈውን ዓመት አዝመራ በረዶ መትቶበት ልጆቹ ከዘመድ ዘመድ ተበትነው ከርመዋል። ያችን መሬት አርሶ አለስልሶ፣ የጤፍ ዘር ለምኖ አምጥቶ ጎተራው ውስጥ አስቀምጦ ነበር። የመንደሩ ጭቃ ሹም ግን «ያልተፈረደበት መሬት አይዘራም» ብሎ ከለከለው።

ሐምሌ ገብቷል። ዳኛው ክረምቱ ሳይጠና ለመጨረሻ ጊዜ ችሎት የሚያስችለው በዚያ ሳምንት ሐሙስ ነው፤ ጥላ ከእግር ሥር እስኪገባ ድረስ ይቀመጥና በቅሎውን ጭኖ አገሩ ይገባል። ከዚያ ወዲያ እስከ መስቀል ችሎት የለም። እስከ መስቀል ደግሞ የጤፍ ዘር ጊዜ አይጠብቅም። ደምስ ይህን ስለሚያውቅ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ሳይከድን አደረ።

ጎህ ሲቀድ ጭቃ ሹሙ ኩታቸውን አጥብቆ ቋጠረና «ሂዱ፣ አምላክ እውነቱን ያውጣው» ብሎ ሸኛቸው። ደምስ እየጎተተ፣ ጓንጉል እየተጎተተ ሄዱ። ችሎቱ ያለው ከጤዛ ወንዝ ማዶ፣ ዳገቱን ወጥቶ ከሾላው ሥር ነው። በደህና እግር ለሄደ ሰው ከረፋዱ በፊት የሚያስገባ መንገድ ነው።

ይሁን እንጂ ጓንጉል አንድ አመል ነበረው። ጉንዳን ተሰልፎ ሲሄድ ካየ የሚገባበትን ጉድጓድ ሳያውቅ አይነሳም። ሚስቱ እንጨት ልካው ባዶ እጁን ተመልሶ ስለ አንድ ጥንዚዛ ያወራላት ነበር ይባላል። ያን ዕለት ደግሞ ቁልቁለቱ መሀል ላይ፣ ከአንድ ግራር ሥር ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ኩታው ተወጥሮ ደምስን ወደ ኋላ መለሰው።

«ምን ሆንክ?» አለ ደምስ።

«እያት፣ ያችን ወፍ እያት!»

ቢጫ ወፎች ከቅርንጫፉ ላይ ጎጆ እያንጠለጠሉ ነበር። አንዱ ወንድ ሠርቶ ጨርሶ ክንፉን እያርገበገበ ይጮኻል፤ ሴቷ ከደጁ ተቀምጣ አንገቷን ወዲያና ወዲህ ታደርጋለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ፀሐይ ወጣች!»

«አንድ አፍታ ብቻ። ከወደደችው ትገባለች። ካልወደደችው ያፈርሰዋል።»

«ብትገባስ ባትገባስ ለእኔ ምን ይፈይድልኛል? ሂድ እንጂ!»

ደምስ ቢጎትተው ጓንጉል እንደ ግንድ ተተከለ። ሴቷ ገባች፤ ውስጡን ጎረጎረች፤ ወጣችና ፈርጥጣ በረረች። ወንዱ ወዲያው የገዛ ጎጆውን ሣር በሣር እየመዘዘ ይጥለው ጀመር። ጓንጉል ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«አየህ? ያለ ቀጠሮ፣ ያለ ምስክር ፈረደችበት! እኛ ነን እንጂ ዳኛ ፍለጋ አገር የምናቋርጥ። ቆይ ደግሞ፣ እንደገና ይጀምር እንደሆነ ልየው።»

ማየቱ ደስ እንደሚል እኔም አልክድም። ደምስ ግን ዓይኑ ደም ለበሰ። ዱላውን ከፍ አደረገ።

«ገባኝ! ሆን ብለህ ነው! አንተ ሌላ መሬት አለህ። ችሎቱ እንዲያመልጠኝ፣ ዘሬ ጎተራ ውስጥ እንዲነቅዝ ነው የምታዘገየኝ!»

«በማርያም ደምስ! ወፍ ነው ያየሁ፤ ሌላ ምንም አላሰብኩ።»

«ሂድ! ደግመህ ብትቆም ዳኛ ፊት ከመድረስህ በፊት እኔ እፈርድብሃለሁ!»

ጓንጉል ደነገጠና መንገዱን ያዘ። አሁን ሁለቱም በሩጫ ወረዱ። ቋጠሮው በመካከላቸው እየተወዛወዘ ከወንዙ ደረሱ። ጤዛ ጸጥ ብሎ ይፈሳል፤ ድንጋዩ ሁሉ ይታያል። ደምስ ልቡ መለስ አለለት። አሁንም ይደርሳሉ።

በዚያች ሰዓት ሲራራ ነጋዴዎች አሞሌ ጨው የጫኑ በቅሎዎቻቸውን እየነዱ ከማዶ ተሻግረው ወጡ። መቼም ቁራኛም ቢሆኑ ሰው ሰላም ሳይሉ አያልፉም።

«እንዴት አደራችሁ? አገሩ ደህና ነው?» አለ ደምስ፣ እግሩን ከውሃው አፋፍ እንዳደረገ።

የነጋዴዎቹ አለቃ ራሱን ነቀነቀ። «አገርማ ምን ደህና አለው፤ ደጃዝማቹ ተሻረ እኮ!»

ደምስ እግሩን ከውሃው አፋፍ መለሰ።

የጓንጉልን አመል ነግሬያችኋለሁ፤ የደምስንም መንገር ይገባኛል። ደምስ ወሬ ከእሱ ጆሮ ሳያልፍ ሌላ ሰው ከሰማው የተዘረፈ ይመስለዋል። መንደር ውስጥ ሹመትና ሽረትን፣ የሸፈተውንና የታረቀውን ቀድሞ የሚያወራ እሱ ነበር።

«ተሻረ? በምን ጥፋት?»

«ብዙ ነው ነገሩ። ይልቅ ተሻገሩ፤ አሁን ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ ላይ አገር ግን ሰማዩ ጠቁሯል።»

«እንሻገራለን፣ እንሻገራለን። በእሱ ፈንታ ማን ተሾመ?»

ነጋዴውም ወሬ የጠማው አድማጭ ሲያገኝ በቅሎውን አቆመ። የተሾመውን ነገረው። የተሾመው የማን ልጅ እንደሆነ፣ የተሻረው ሰውዬ ወንድም ጫካ እንደገባ፣ አማቹ ደግሞ መሀል ሰፋሪ ሆኖ ከሁለቱም እንደሚበላ ነገረው። ደምስ አፉን ከፍቶ ይሰማል፤ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል። ጓንጉል ወደ ሰማይ አየ፤ ኩታውን ሳብ አደረገ።

«ደምስ፣ ፀሐዩ!»

«አንድ ቃል ብቻ!»

«ቅድም ለወፍ ቆምክ ብለህ ዱላ ያነሳህብኝ አንተ አይደለህም?»

«ወፍና የመንግሥት ነገር አንድ ነው እንዴ? ዝም በል፣ ልስማበት!»

ጓንጉል ጎተተ። ደምስ በተራው እንደ ግንድ ተተከለ። ወሬ ወሬን እየወለደ ገና ጫካ ስለገባው ሰውዬ ሚስት ሲደርሱ፣ ከላይ በኩል አንድ ነገር አጓራ። በቅሎዎቹ ጆሯቸውን አቆሙ። ነጋዴው ንግግሩን አቋርጦ፣ «ደራሽ ነው!» አለና በቅሎውን እየገረፈ ወደ ዳገቱ ሸሸ።

ቀይ ውሃ ግንድና ጭራሮ እየገፋ መጣ። ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ጓንጉል «በቃ፣ እስኪጎድል እንጠብቅ» ቢል፣ ደምስ ከሥሩ ሊገባ የቀረበውን ጥላውን አየ፤ የተበተኑት ልጆቹ ታወሱት። ዘሎ ውሃው ውስጥ ገባ። ኩታው ጓንጉልን ይዞት ገባ።

ከወንዙ መሀል ሲደርሱ ደምስ አዳለጠው። ውሃው አገላብጦ ይዞት ሊሄድ ሲል ኩታው ተወጠረ። ጓንጉል በአንድ እጁ ከማዶው ዳር የተዘረጋ የአኻያ ቅርንጫፍ ይዞ ነበር።

«ፍታው!» ብሎ ጮኸ ጓንጉል። «ቋጠሮውን ፍታና በሁለት እጅህ ቅርንጫፉን ያዝ!»

«ፈትቼ መሬቴን ልስጥህ? አንተ ፍታ!»

«እኔ ብፈታው ትሞታለህ፣ አንተ ደንቆሮ!»

ውሃ እያነቀው እንኳ ደምስ አልፈታም። ጓንጉልም አልፈታም፤ ለመሬቱ ይሁን ለደምስ ነፍስ እሱ ያውቃል። ቅርንጫፉ እየተንቋቋ፣ ኩታው እየተተለተለ፣ በጉልበታቸው ድኸው ከማዶ ወጡ። ጋደም ብለው እንኳ አላረፉም። ደምስ ጓንጉልን ጎትቶ አስነሳውና ዳገቱን ወጡት።

ሾላው ሥር ሲደርሱ ዳኛው የተቀመጠበት ድንጋይ ባዶ ነበር። የበቅሎው ፋንድያ ገና አልደረቀም። የቀሩት አያ ወንዳፍራሽ የሚባሉ የሸንጎው ሽማግሌ ብቻ ናቸው።

«ዳኛውስ፣ አባቴ?» አለ ደምስ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

«ጠበቃችሁ ልጄ። ጥላው ከእግሩ ሥር ገብቶ እስኪያልፍ ጠበቃችሁ። አሁን ያንን ጋራ ዞሯል።»

«መሬቱን ምን አለ?»

ሽማግሌው ወደ ባዶው ድንጋይ ተመለከቱ። «ለሁለታችሁም አልፈረደም። ችሎቱ ከመስቀል በኋላ ነው። እስከዚያ ጦም ትደር አለ።»

ደምስ እዚያው ባዶው ድንጋይ ሥር ተቀመጠና አለቀሰ። ትልቅ ሰው፣ ጢሙ ላይ የወንዝ ጭቃ የደረቀበት ሰው፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ቁራኛ ነውና ጓንጉልም አብሮ ተቀመጠ። አያ ወንዳፍራሽ አዘኑ፤ እጃቸውን ከደምስ ትከሻ ላይ ሊያሳርፉ ዘረጉ። ነገር ግን ሳያሳርፉ ደምስ ቀና ብሎ ጣቱን ቀሰረ።

«እሱ ነው አባቴ! እሱ ነው ያጠፋኝ! ልጆቼን ጦም የሚያሳድር ሙግት ይዤ ስሄድ ለወፍ ቆመብኝ! ለወፍ!»

«እኔ ለወፍ ብቆም ወንዙ ገና ጎድሎ ደርሰንበታል!» አለ ጓንጉል። «እግሩን ከውሃው አፋፍ መልሶ የደጃዝማች ሽረት ሲጠይቅ የቆመ እሱ ነው! ለወሬ!»

«ለወፍ ባትቆም ነጋዴዎቹን መቼ እናገኛቸው ነበር?»

«ለወሬ ባትቆም ደራሹ የት ያገኘን ነበር?»

ሊተናነቁ ተነሡ። ግን ቋጠሮው አጭር ነውና ሁለቱም ተደናቅፈው አንዱ በአንዱ ላይ ወደቁ። ሽማግሌው የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ። ከዚያ ኩታውን አነሱ፤ ረጥቦ ድንጋይ የሆነውን ቋጠሮ በጣታቸው ጎረጎሩት።

«ይህን እኔ ልፈታው አልችልም» አሉ። «ዳኛው፣ ብትመጡም እንኳ ሁለታችሁም ዋስ ሳትጠሩ ቋጠሮው እንዳይፈታ ብሏል። ዋሶቻችሁ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ናቸው፤ ወንዙም ሞልቷል። በሉ ተነሡ፣ ከበረቴ ጎን አንዲት መደብ አለች፤ ዛሬ እዚያች ላይ ትተኛላችሁ።»

«ከዚህ ሰውዬ ጋር?» አሉ ሁለቱም ባንድ ጊዜ።

አያ ወንዳፍራሽ ዱላቸውን አንስተው ወደ ቤታቸው እየመሩ፣ ዞር እንኳ ሳይሉ፣ «ታዲያስ ልጆቼ፤ ለወፍ የቆመና ለወሬ የቆመ በአንድ ቁራኛ ያድራሉ» አሉ።