ሁሉም በአንድ ድምፅ አመሰገኑ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» በሉኝ፤ ድምፃችሁን ልስማው።

በአንድ ጫካ ውስጥ ጅቦች ተሹመው የእንስሳቱን ጎሬ ሁሉ ይጠብቁ ነበር። ውሎ አድሮ እንስሳቱ ተሰብስበው፣ «ሹሞቻችን ሥራቸውን በደንብ መሥራታቸው ይጣራ» አሉና የነገሯትን ሁሉ የምታምነውን ሚዳቋን ላኩ።

ቀኑ ጉም የለበሰ ነበር። ሚዳቋ መጀመሪያ ጥንቸል ደጅ ቆማ ተጣራች።

«እመት ጥንቸል፣ ጥበቃው እንዴት ነው?»

«እግዜር ይስጣቸው፣ ያለ ሐሳብ ተኝተን እናድራለን» አለ ከውስጥ አንድ ጎርናና ድምፅ።

«ምነው ድምፅሽ? ጉንፋን ያዘሽ እንዴ?»

«አዎ፣ ብርዱ ነው።»

ከዚያ ወደ ጃርት ጎሬ ሄደች። ደጁ ላይ የጃርት እሾህ ተበትኗል። «ቤት ጠርጋ የጣለችው ይሆናል» ብላ አሰበችና ተጣራች። ያው ጎርናና ድምፅ ያንኑ ቃል መለሰላት። ሚዳቋም «አይ ዘንድሮ፣ ብርዱ ማንንም አልማረ» ብላ አዘነች።

ወደ ሸንጎው ተመልሳ፣ «ሁሉም በአንድ ድምፅ አመስግነዋል» አለች። እንስሳቱ እልል አሉ። ተጠራጣሪዋ ኤሊ ብቻ ጠጋ ብላ፣ «ለመሆኑ ፊታቸውን አይተሻል?» ስትል ጠየቀቻት።

ሚዳቋ ይህን ስትሰማ ቤት ትታት የመጣችው ግልገሏ ብቻዋን መሆኗ ትዝ አላትና እየበረረች ወደ ቤቷ ሄደች። ደጇ ላይ ደርሳ ቆመች።

«ልጄ፣ ደህና ነሽ?» ብላ ተጣራች።

«ደህና ነኝ፣ እማዬ» አለ ጎርናናው ድምፅ። «ውጭው ብርድ ነው፤ ግቢ።»