«ቆይ» ያለው ትንሹ እባብ

አንድ ጊዜ፣ ቃጠሎ ጫካውን በፈጀበት ዓመት፣ መርዝ የሌለው አንድ ትንሽ እባብ ያለ እናት ቀረ። እሱን የማሳደግ ዕጣ የወጣው ለቀበሮ ነበር። ቀበሮ ሆዬ ግን ለሌላ ሆድ ምግብ ማደኑ ቶሎ ሰለቻትና እባቡን አንጠልጥላ ወደ እመት ጦጢት ቤት ሄደች። የጦጢት ልጅ ድንቡሼ «እባብ ካላመጣችሁልኝ» እያለ ሲያለቅስ መክረሙን ሰምታለች።

«እመት ጦጢት፣ ልጅሽ እኮ ጥርሱን አብቅሎ ጨርሷል! ከዚህ በላይ ምን ሊያድግ ነው? ይህን እባብ ስጪው» አለቻት።

ጦጢት ልቧ አልቆረጠምና ሽማግሌውን ኤሊ ጠራች። «አያ ኤሊ፣ ልጄ ደርሷል ይላሉ?»

ኤሊ ከዝቅተኛው ቅርንጫፍ ላይ አንድ ጥሬ ሾላ ለድንቡሼ አሳየውና «ቆይ፣ ሲቀላ ትበላዋለህ» አለው። ተናግሮ ሳይጨርስ ሾላው ተገምጦ፣ ጎምዝዞ፣ ተተፍቶ ነበር።

«ጥርሱን ተይው» አለ ኤሊ። «“ቆይ” ሲሉት የቆየ ዕለት ስጪው።»

ጦጢት ምክሩን ሰምታ ነበር። ግን የልጅ ለቅሶ አንጀት ይበላል፤ በማግስቱ እባቡን አሳቀፈችው።

ድንቡሼም ወደደው። እውነቱን ለመናገር፣ እንደዚያ የወደደው የለም። አንበጣ እየለቀመ አበላው፤ ፀሐይ ላይ አሞቀው። አንድ ቀን ግን እባቡ ምግብ እምቢ አለ፤ ዓይኑም ፈዘዘ።

«አመመህ?»

«አላመመኝም፤ ልብሴን ልቀይር ነው። አምስት ቀን አትንካኝ።»

«እሺ» አለ ድንቡሼ። በሁለተኛው ቀን ግን የእባቡ ቆዳ ከከንፈሩ ላይ ትንሽ ተላቅቆ አየ።

«ላውልቅልህ?»

«ቆይ! ቆይ ድንቡሼ፣ ከሥር ያለው ገና ነው!»

ድንቡሼ ጎተተ። አሮጌው ልብስ ብቻውን አልወጣም፤ አዲሱም አብሮ ተገፈፈ። እባቡ መዳፉ ላይ እንደተጠቀለለ ሞተ።

ጦጢት ስትደርስ ልጇ ቆዳውን መልሶ ሊያለብሰው ይታገል ነበር። «እማዬ፣ እምቢ አለኝ፤ አንቺ አልብሺው» አላት። እሷም አቅፋው አለቀሰች። ቀበሮ ደግሞ ወሬውን ስትሰማ «እኔ ምን አውቄ» ብላ ጭራዋን ነስንሳ መንገዷን ቀጠለች።

ዛሬ ድንቡሼ አድጓል። ሾላው እስኪቀላ ይጠብቃል፤ አምስት ቀን ቢሉት አሥር ቀን ይቆያል። «ቆይ» ያለው እባብ ግን የለም።

ከዚህ የምንማረው ነፍስ ያለውን ነገር ለልጅ መስጠት ያለብን ስላለቀሰ ወይም ጥርስ ስላበቀለ ሳይሆን፣ «ቆይ» ሲባል መቆየት የሚችልበት ዕድሜ ላይ ሲደርስ መሆኑን ነው።