ክንድ የማይሰጥባት ከተማ

ጉሎ ሜዳ ገበያ የወጣ እንግዳ አንድ ነገር ይገርመዋል። በሌላው አገር እጁን ሊጥ ወይም ጭቃ የነካው ሰው ሰላም ሲሉት ክንዱን ይሰጣል፤ እዚያ ግን ቅባትም ይሁን እበት፣ መዳፍ ለመዳፍ ነው። ክንዱን የዘረጋ «ምን አብቅለህ ነው?» ተብሎ ይሳቅበታል። ሽማግሎች እንደሚሉት ነገሩ የመጣው ከአንጓች ነው።

አንጓች ጥጥ ፈታይ ነበረች ይባላል። አንድ ክረምት ቀኝ መዳፏ ላይ ሣር በቀለ፤ ብትነቅለው ያማታል፣ ብታጭደው ሲነጋ ለምልሞ ይገኛል። ወሬው ከተማውን ሲያዳርስ ሰው ሁሉ «እጄ ቆሽሿል» እያለ ክንዱን ይሰጣት ጀመር። አይ ሰው! ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ፣ እጁን በንጹሕ ጋቢ ጠቅልሎ፣ በምን ቆሸሸ? እናቷ የሞተች ዕለት እንኳ ለቅሶ ደራሹ ክንዱን እየዘረጋ «እግዜር ያጽናሽ» አላት። ያን ቀን ከሞቱ ይልቅ ክንዱ አንገበገባት፤ ከዚያ ወዲያ የማንንም ክንድ ላትይዝ ማለች።

በመጨረሻ ጭቃ ሹሙ ድልነሳው ሕዝቡን ገበያው ዳር ሰበሰበና «እጅሽን በቁርበት ጠቅልይ፤ አለዚያ የእናትሽን ቤት ለቀሽ ቆላ ውረጂ» ሲል ፈረደባት። አንጓች ከዚያ ቤት ሌላ መድረሻ አልነበራትም። ቢሆንም ሣሩ እንደተንዠረገገ እጇን ከፍ አደረገች።

«ያበቀለው እግዜር ነው፤ እኔ ምን አሳፈረኝ? አልሸፍንም! እሺ፣ ልሂድ። ግን መዳፉን ዘርግቶ የሚያሳየኝ ሰው ይምጣና ‹ውጪ› ይበለኝ!»

ጭቃ ሹሙ እጁን ይበልጥ ወደ ጋቢው ሰበሰበ፤ እንደ እሱ ያደረገውማ ሰው ብዛቱ! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ለካ ይህ ኖሯል።

ያኔ ሸክላ ሠሪዋ ወለላ፣ ቡዳ ናት እየተባለች ከሰው ተገልላ የምትኖረው አሮጊት፣ ሰዉን እየገፋች መጣች። መዳፏን ብትዘረጋ ሣሩ የደረቀውን ጭቃ ሰንጥቆ ወጥቷል።

«እኔንማ ከያዘኝ ስንት ዘመኑ!» አለች እየሳቀች። «ድሮስ እጄን ማን ጨብጦት ያውቃል? ማን ያይብኛል?»

አንጓች ያንን ጭቃማ እጅ ጥርቅም አድርጋ ጨብጣ እስኪወጣላት አለቀሰች። ከዚያ ዞራ በሰዉ ፊት ለፊት መዳፏን እየዘረጋች ሄደች። መጀመሪያ አንዲት እመጫት፣ ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ቄስ እጃቸውን አወጡ፤ ሌላውም ተከተለ። የአንዳንዱ መዳፍ ለምልሞ ነበር ይባላል፤ የአንዳንዱ ደግሞ ባዶ። እሷ ግን የማንንም ሳታይ ጨበጠች። ጭቃ ሹሙ ብቻ እጁን ከጋቢው ሳያወጣ ኖረ፣ ሳያወጣም ሞተ አሉ።

አንጓች እናቷ ቤት አርጅታ አለፈች። ሣሩ ከከተማው መቼ እንደጠፋ የሚያውቅ የለም፤ ጭራሽ አልጠፋም የሚሉም አሉ። ዛሬም ጉሎ ሜዳ ለቅሶ የደረሰ ሰው ጋቢውን ወደ ትከሻው መልሶ መዳፉን ይዘረጋል፤ ሐዘንተኛውም መዳፉን ሳያይ ይጨብጠዋል።