ከወንዙ ማዶ የነደደ እሳት

ና እስቲ ወዲህ፣ ጠጋ በል። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ እስኪያባራ የትም አትሄድም። «እማማ፣ እኔ በትምህርቴ አንደኛ የምወጣ ልጅ፣ እናቴ የሳምንቱን አስቤዛ ያዝ፣ ወጥ ሥራ፣ በጊዜ ተኛ እያለች የምታስጨንቀኝ ለምንድን ነው?» አይደል ያልከኝ? ፊደል ባልቆጥርም ይቺን እንኳ አላጣትም። ስማኝ።

አንድ ሀብታም ሰው ነበረ። ሰባት ጎተራ እህል ነበረው። ቤቱ ከወንዝ ወዲህ ብቻውን ነው፤ ጎረቤቱም፣ ገበያውም፣ ወፍጮ ቤቱም ከወንዙ ማዶ። አሥራ አምስት ዓመት የሞላው አንድ ልጅም ነበረው፤ ንባብ የሚያውቅ፣ ጎበዝ። እናቱ ታዲያ «ጭስ ዓይኑን ያበላሽብኛል» ብላ ጓዳ አታስገባውም። እጁን ታጥቦ ይቀርባል፣ በልቶ ይነሣል። አንተን ማለቴ አይደለም፤ አትኮሳተር።

በእንዲህ ያለው ክረምት አንድ ቀን ከማዶ መርዶ መጣ። እናትየው ከነሠራተኞቿ ለቅሶ ተሻገረች። ጠዋት ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም ነበር። አባትየው ብርድ ብርድ ስላለው ቀረ፤ ልጁም ሊያስታምመው ቀረ። ከሰዓት በኋላ ደጋው ላይ ዘነበና ወንዙ ግንድ እያንከባለለ መጣ! ያ ሁሉ ሰው ማዶ፣ ሁለቱ ወንዶች ወዲህ።

ልጁ መጀመሪያ ደስ አለው። የቤቱ ጌታ ሆነ እኮ! መሶቡ ውስጥ የነበረውን እንጀራ በዚያው ዕለት ጨረሰው። በማግስቱ ጓዳ ቢገባ፣ የተፈጨ ያለው አንዲት ቅል ዱቄት ብቻ። ግማሹን ድስት ውስጥ ገለበጠው፣ ውሃ አፈሰሰበት፣ እሳቱን ቆሰቆሰ። ሥሩ አረረ፣ ላዩ ጥሬ ሆነ። አባትየው ቀምሶ አስመለሰው። ውሻው እንኳ ቀርቦ አሸተተና፣ ምን ልበልህ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ! በሦስተኛው ቀን ልጁ ጥሬ ባቄላ ቆረጠመ፤ ሆዱን ቆረጠው። አባትየው በትኩሳት ደክሞ መናገር አቆመ። እስቲ አስበው! ሰባት ጎተራ ሞልቶ ሰው በረሃብ ሊሞት!

ያን ጊዜ ኩራቱን ትቶ እያለቀሰ ወደ ወንዙ ሮጠ። እናቱ ማዶ ቆማለች፤ ሦስት ቀን ሙሉ ከዚያ አልተነቃነቀችም።

«አባዬ ሊሞትብኝ ነው!» ብሎ ጮኸ።

አንድ ጎረምሳ ዱቄት የሞላ ስልቻ አሽከርክሮ ወረወረ። መሃል ላይ ወደቀ፤ ወንዙ ዋጠው። ሊዋኝ የደፈረ የለም።

እናትየዋ ምን አደረገች መሰለህ? አላለቀሰችም። «ድስት አምጡልኝ!» አለች። ወንዙ ዳር ሦስት ድንጋይ ጎልታ እሳት አነደደች። «አንተም እሳትህን፣ ድስትህንና ዱቄትህን ይዘህ ና! እኔን እያየህ ሥራ!»

ልጁ ፍም በገል፣ ዱቄቱን በድስት ይዞ ተመለሰ። እሷ ማዶ፣ እሱ ወዲህ፣ ሁለት እሳት ፊት ለፊት ነደደ! ውሃ ስትጥድ ይጥዳል። አንድ እፍኝ ዱቄት ከፍ አድርጋ አሳይታ በቀዝቃዛ ውሃ ስትበጠብጥ ይበጠብጣል። ውሃው ሲፈላ እያማሰለች ስትጨምር እሱም ይጨምራል። ለቀስተኛው ሁሉ ለቅሶውን ረስቶ ዳር ዳሩን ቆሞ ይጮሃል።

«እሳቱን ቀንስ አንተ! በሬ ልትጠብስ ነው?»

«አማስል፣ አማስል! እጅህን ማን ያዘው?»

«ዝም በሉ እናንተ ወንዶች! ከመካከላችሁ ድስት ጥዶ የሚያውቅ አለ?» አለች አንዲት ባልቴት። ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ።

አጥሚቱ ቀጥኗል፤ ግን በስሏል!

«ስንት እፍኝ ቀረህ?» አለች እናቱ።

«አምስት!»

«ሽማግሌዎቹ ወንዙ እስኪጎድል አምስት ቀን ነው ይላሉ። በቀን አንድ እፍኝ፣ እሱም ለአባትህ! አንተ ባቄላህን ቀቅለህ ብላ። ደግሞ እሱ ሲተኛ አንተም ተኛ! ያልተኛ አስታማሚ ሁለተኛ በሽተኛ ነው!»

ልጁ ድስቱን አቅፎ ሮጠ። አባትየው አንድ ጉንጭ ዋጠ፤ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ዓይኑን ገለጠና «ማን መጣ?» አለ።

«ማንም አልመጣም፤ እኔ ነኝ የሠራሁት።»

አየህ የኔ ጌታ፣ ትምህርትህ ጎተራው ነው። ይሙላልህ፣ ይትረፍረፍ፤ እኔም እልል እላለሁ። ግን ጥሬ ነው። ያለህን ለቀኑ ማብቃቃት፣ ድስት መጣድ፣ ገላህን ማሳረፍ፣ እሱ ነው እሳቱ። እናትህም ወንዙ ሳይሞላ፣ አጠገብህ ሳለች ልታሳይህ ነው የምትለፋው። ወንዝ የማይሞላበት ሰው የለም፤ ማዶ ቆሞ የሚያሳይህ ግን ሁልጊዜ አይገኝም።

ሰዎቹማ ምን ሆኑ? ወንዙ ከዚያ በኋላ በአራተኛው ቀን ጎደለ፤ አንድ እፍኝ ዱቄት ተርፋ ተገኘች። አባትየው ድኖ ብዙ ዘመን ኖረ፤ ንፍሮ መቀቀልም ከልጁ ተማረ። ልጁ ትዳር ያዘ፣ ልጆቹን ወንድ ሴት ሳይል ምድጃ ሥር አሳደገ። እናትየዋም ከዚያ ወዲያ ለቅሶ ስትሄድ፣ ዞራ ሳታይ ሄደች።