ፊደልን በእግሩ የቆጠረው የከርከሮ ልጅ

ተረት ልንገራችሁ? «ንገሪን» በሉኛ! እህ፣ እንዲያ ነው።

ድሮ፣ አውሬውም ዕቃውም አፍ በነበረው ዘመን፣ ሙላት የሚባል የከርከሮ ልጅ ነበር። ወፍራም ነው። እናቱ እትዬ ዘርፌ «የጠገበ ቤት ልጅ» እንዲሉላት በቅቤ የተለወሰ ጭኮ ታጎርሰዋለች፤ ፊደል ቤትም በበቅሎ ነው የምትልከው።

ጠዋት መደቡ፣ «ሙላትዬ፣ ገና ነው፣ ተኛ» ይለዋል። ይተኛል። መንገድ ላይ ኮርቻው፣ «በእግር የሚሄድ ድሃ ነው፣ ተደላደል» ይለዋል። ይደላደላል። ትምህርቱ ካለበት ዝግባ ሥር ሲደርስ ደግሞ አገልግሉ፣ «ከፊደሉ በፊት ጭኮው!» ይለዋል። ይጎርሳል! ከዚያማ ዓይኑ ክድን፣ ፊደሉ ብን።

አስተማሪው የኔታ ጉሬዛ ናቸው፤ ነጭ ካባ ለባሹ። አንድ ቀን፣ «ሙላት፣ ክረምት ሳይገባ ፊደል ካልለየህ፣ ጓደኞችህ ወደ ዳዊት ሲሻገሩ አንተ ከሕፃናቱ ጋር ትቀራለህ» አሉት።

አብራው የምትማረው ጦጢት ሳቀች። «የኔታ፣ ጭኮ ቢያስቆጥሩት ይሻላል!»

ሙላት አለቀሰ። «የኔታ፣ ደንቆሮ ነኝ?»

«ማነው ያለህ? ራስህ ደህና ነው። ሰውነትህ ተኝቶ ራስህ ብቻውን እንዴት ይንቃ? ነገ በእግርህ ና። በግራ እግርህ ‹ሀ›፣ በቀኝህ ‹ሁ› እያልክ።»

በማግስቱ መደቡ ለመነው፤ እምቢ አለ። ኮርቻው ሰደበው፤ እምቢ አለ። አገልግሉ ሸተተው… እሱንስ ትንሽ ቀመሰ፣ ምን ልዋሻችሁ! ግን ክዳኑን መለሰ።

መጀመሪያ አለከለከ፤ ወደ ዝግባው የሚያወጣው ዳገት መሀል ቁጭ አለ። እያደር ግን «ሀ ሁ ሂ» እያለ ዳገቱን ፉት አለው። ትምህርት ላይ ማንቀላፋቱም ቀረ።

የኔታ ፊደል የሚፈትኑበት ዕለት ጠዋት፣ እስከዚያ «ይሰለቸዋል» ስትል የቆየችው እናቱ ትክ ብላ አየችውና ደረቷን ደቃች። «ልጄ ከሳብኝ! ሰው ምን ይለኛል? ና፣ በቅሎዋ ላይ ውጣ!»

«እማዬ፣ እስቲ መጀመሪያ ስሚኝ።»

ግቢውን እየዞረ ከሀ እስከ ፐ አንድ ሳይስት አወረደው። እትዬ ዘርፌ ደረቷን መድቃቱን ትታ እልልታዋን አቀለጠችው! በቅሎዋን ራሷ ወደ መስክ ለቀቀቻት፤ ከልጇ ጎን እያለከለከች እስከ ዝግባው ወጣች። ያን ዕለት ዳዊት ከጀመሩት አንዱ ሙላት ነበር፤ ጦጢትም አጨበጨበች።

አያችሁ ልጆቼ፣ እግር ያልለመደውን ዳገት ልብም አይወጣው። ተረቴ እዚህ ይብቃው፤ በሉ ተነሡና እስከ ወንዙ ሩጡ!